የፖሊስ ሹፌር ሥልጠናና የሲቪሉ ኮርስ፦ ጥያቄና መልስ

አዳማ ውስጥ መንዳት አስተምራለሁ። ስለ ላቀ የመንዳት ሥልጠና የጠየቃችሁኝን እንደመጣልኝ እመልሳለሁ።

ጥ፦ መምህር፣ ሲቪሉ የሚወስደውና የፖሊሶቹ አንድ ነው?

መ፦ በእንግሊዝ ምንጩ አንድ ነው። የለንደን ፖሊስ ሄንደን በሚባል ቦታ የመንዳት ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ የትምህርት ቤቱን ዘዴ ለሲቪሎች የሚያሠለጥን ማኅበር ደግሞ በ1956 ተቋቋመ። የዘዴው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ መረጃ (መንገዱን ማየት)፣ ቦታ (መንገዱ ላይ የምትይዘው)፣ ፍጥነት፣ ማርሽ፣ ከዚያ ነዳጅ መስጠት ነው። የእኛ ሰው ኩርባ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ፍሬን የሚይዘው፤ በዚህ ዘዴ ፍጥነቱም ማርሹም ከኩርባው በፊት ያልቃል። የሚለያዩት በጊዜ ነው፦ ፖሊሱ ለሳምንታት ቀኑን ሙሉ አሠልጣኝ ከጎኑ ተቀምጦ ይነዳል፤ ካልቻለ ይወድቃል።

ጥ፦ ከሁሉም የሚጠቅመው የቱ ነው?

መ፦ ያዩትን ጮክ ብሎ እያወሩ መንዳት። ከሞጆ ስትመጣ ሞክረው፦ «ፊቴ ሲኖትራክ፣ ጭነቱ ከባድ፣ ዳገቱ ላይ ይዘገያል። በቀኝ ባጃጅ ቆሟል፣ ተሳፋሪው ሒሳብ ከፍሎ ወርዷል፣ የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ዞሯል፤ ሊወጣ ነው። ስፖኪዮ አየሁ፣ ነዳጅ ለቀቅኩ።» አፍህ ዝም ካለ ዓይንህም ማየት አቁሟል ማለት ነው። ፖሊሶቹም የሚፈተኑበት ነው።

ጥ፦ መኪና ሲንሸራተት መቆጣጠርስ? እኔ የምፈልገው እሱን ነው።

መ፦ ሁሉም የሚፈልገው እሱን ነው! ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአዲስ አሽከርካሪዎች ግዴታ አድርጋው ነበር፤ የወጣት ወንዶቹ አደጋ ግን ጨመረ። ልጆቹ ጎበዝ የሆኑ መሰላቸውና ፈጠኑ።

ጥ፦ ፈጣን መንገዱ ላይ ከፊቴ ካለው መኪና ምን ያህል ልራቅ?

መ፦ በ120 ስትነዳ በሰከንድ 33 ሜትር ትሄዳለህ። ቢያንስ ሁለት ሰከንድ፣ ማለትም 66 ሜትር ገደማ። ሲዘንብ እጥፉን።

ጥ፦ ሳይረን ያለው ፖሊስ እንደፈለገ ይነዳል?

መ፦ የለም። በእንግሊዝ የፍጥነት ወሰኑ ይነሳለታል፤ ቀይ መብራት ላይ ግን ቅድሚያ ሰጥቶ ነው የሚያልፈው፣ በአደገኛ ሁኔታ ከነዳም ይከሰሳል። ሲቪሉ ኮርስ ስለወሰደ የሚፈቀድለት አንድም ነገር የለም።

ጥ፦ እኔ የምነዳው ባጃጅ ነው፤ ይሠራልኛል?

መ፦ ላንተማ ይብሳል ወንድሜ! ፊቱ አንድ ጎማ ነው፤ እየታጠፍክ ፍሬን ብትይዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይሄድና ይገለብጥሃል። ቀጥ ብለህ ሳለህ ቀንስ፣ ከዚያ ታጠፍ።