የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ማን አየ? ወረቀቱስ የት አለ?»

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ በዲቪ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። መምህርቱ ስለ ቤንጃሚን ባኔከርና ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ካርታ ከኢንተርኔት ፈልጎ ሦስት ገጽ እንዲጽፍ አዘዘችው። ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ «ማሚ፣ ጨረስኩ» ብሎ ላፕቶፑን ዘጋ። ሳየው ግማሹ ከቻትጂፒቲ፣ ግማሹ መጀመሪያ ከወጣለት ድረ ገጽ የተገለበጠ ነው። ባኔከር የዲሲን ፕላን በሙሉ በቃሉ ይዞ በሁለት ቀን እንደገና ሣለው ይላል። ጥቁር ሰው ነው ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ግን እውነት ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? የአሜሪካን ታሪክ የማውቀው ለዜግነት ፈተና የሸመደድኳቸውን መቶ ጥያቄዎች ያህል ነው። የማላውቀውን እንዴት ላግዘው?

የአራተኛ ክፍሉ እናት

መልስ

እህቴ፣ ያቺን የሁለት ቀን ታሪክ እኔም በጣም ወድጃት ነበር። እዚህ አገር እንደመጣሁ ታክሲ ስነዳ፣ ከኤርፖርት የማነሣውን ሰው ሁሉ በእሷ ነበር የማጫውተው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ላንፋንት ከአለቆቹ ተጣልቶ ፕላኑን ይዞ ሄደ፤ የኛው ሰው ባኔከር ከጭንቅላቱ አውጥቶ መልሶ ሣለው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና «ይኼን ማን ጻፈው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደሴ ላይ ስንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ የቀረውን መንገድ አፌን ዘግቼ ነዳሁ።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማታ ተረኛ ነኝ፤ እንዳንቺ ልጅ ያሉ ብዙ ይመጡብኛል። የምጠይቃቸውም ያንኑ የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። አገር ቤት ዳኛ ፊት የቆመ ምስክር መጀመሪያ ምን ይባላል? «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ልጅሽንም እንዲሁ በይው። ለዚህ የአሜሪካን ታሪክ ማወቅ አያስፈልግሽም።

አሁን በባኔከር እንሞክረው (ቀኖቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ባኔከር በ1731 ሜሪላንድ የተወለደ፣ ባርነት ያልነካው ጥቁር ገበሬ ነው። የከዋክብትን ስሌት የተማረው ለብቻው፣ በተዋሰው መጽሐፍ ነው። በ1791 መጀመሪያ ቀያሹ አንድሩ ኤሊኮት የአዲሱን ዋና ከተማ ወሰን ሲቀይስ ይዞት መጣ። ባኔከር ያኔ ስድሳ ሊሞላው ነው። ሌሊት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ሆኖ ከዋክብትን ይመለከታል፣ የቅየሳው ልክ የተንጠለጠለበትን ሰዓት ይጠብቃል። ኤፕሪል መጨረሻ ገደማ ወደ እርሻው ተመለሰ። ላንፋንት የተባረረው ግን በ1792 መጀመሪያ ነው፤ ባኔከር ከሄደ ወደ ዐሥር ወር ሊሆነው። ያኔ ፕላኑን አስተካክሎ ለኅትመት ያበቃው ኤሊኮት ነው። ልጅሽ እነዚህን ሁለት ቀኖች ጎን ለጎን ቢጽፋቸው ተረቷ እዚያው ትወድቃለች። ዐሥር ድረ ገጽ አንድ ነገር አለ ማለት ዐሥር ምስክር መጣ ማለት አይደለም፤ አንዱ ካንዱ ቀድቶት ነው። ቻትጂፒቲም የሚናገረው ከዚያው ክምር አንብቦ ነው።

«ታዲያ ጀግናዬን ልትነጥቀኝ ነው?» እንዳትዪኝ። የሚበልጠውን ልሰጥሽ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ፋውንደርስ ኦንላይን» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው፤ የነጀፈርሰን ደብዳቤዎች ተተይበው ተቀምጠውበታል። ልጅሽ እዚያ የባኔከርን ስም ከ1791 ጋር ይጻፍና ይፈልግ። ኦገስት 19 ቀን ባኔከር ለቶማስ ጀፈርሰን የጻፈው ደብዳቤ ይወጣል። ጀፈርሰን የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ያረቀቀ፣ ያኔ ደግሞ የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ነው። ባኔከር በትሕትና ይጀምርና፣ «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብለህ የጻፍክ አንተ ራስህ ወንድሞቼን በባርነት ይዘህ እንዴት ትኖራለህ ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። በዚያ ዘመን፣ ለዚያ ሰው! ከደብዳቤው ጋር በእጁ የጻፈውን አልማናክ አያይዟል፤ የፀሐይና የጨረቃ መውጫና መግቢያ፣ ግርዶሽ የሚሰላበት፣ ከኛ ባሕረ ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ ሙያ ነው። ጀፈርሰን ኦገስት 30 መልስ ጽፎለታል፤ አልማናኩን ፓሪስ ላለው የሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ እንደላከውም ነግሮታል።

በዚያው ደብዳቤ መጨረሻ አካባቢ ባኔከር ጊዜው በኤሊኮት ጥያቄ በፌዴራሉ ግዛት ሥራ ተይዞ እንደነበረ ራሱ ይናገራል። ለቅየሳው «አየሁ» የሚል ምስክር እነሆ፣ ያውም ባለቤቱ። ፕላን በቃል ስለመሣል ግን አንዲት ቃል የለም። እንግሊዝኛው ያረጀ ስለሆነ ልጁ ሁሉንም ላንብብ ቢል ይሰለቻል፤ ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል። ካነበበ በኋላ ላፕቶፑን ዝጊና «በል፣ በአማርኛ ንገረኝ» በይው። የተገለበጠ ነገር በአማርኛ አይነገርም፤ ገና «እ… እ…» ሲል ታውቂበታለሽ። አማርኛው ቢሰባበርም ግድ የለም፣ የገባው ልጅ በእጁም በእግሩም ብሎ ያስረዳሻል።

ካርታው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ላንፋንት በ1791 የሣለው ፕላን የተቀመጠው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ በድረ ገጻቸው በነፃ ይታያል፣ በጣት እየሳቡ ማጉላት ይቻላል። ደብዝዟል፣ አትደንግጡ፤ ኤሊኮት በ1792 ያሳተመው ይጠራል። ግን እነዚህ የከተማዋ መንገዶች ናቸው። ለልጅሽ የሚጠቅመው የወሰኑ ካርታ ነው፦ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ማይል የሆነ፣ በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን። የዛሬውን የጎግል ካርታ አጠገቡ ይክፈት። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ፣ በናንተ በኩል ያለው ቁራሽ የለም። የት ሄደ? ኮንግረስ በ1846 ለቨርጂኒያ መልሶታል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የአሌክሳንድሪያ ነጋዴዎች መንግሥት ረስቶናል፣ አንድ ሕንፃ እንኳ በኛ በኩል አልሠራም ይሉ ነበር፤ ከተማዋ የባሪያ ንግድ ገበያም ስለነበረች፣ ዲሲ ውስጥ ንግዱ ይከለከላል የሚል ሥጋትም ነበረ። ንግዱ በ1850 በእርግጥ ተከለከለ።

እንግዲህ ርእሱን እንዲህ ብትለውጡት ምን ይመስልሻል፦ «እኛ የምንኖርበት ቤት በ1800 ዲሲ ውስጥ ነበረ ወይስ ውጭ?» የዛሬዋ አሌክሳንድሪያ ከድሮው ወሰን አልፋ የሰፋች ስለሆነች መልሱ እንደየሰፈሩ ይለያያል። ይህን የጻፈ ድረ ገጽ የለም። መገልበጥ ቢፈልግ እንኳ ከየት ይገለብጣል?

ቅዳሜ ደግሞ ይዘሽው ውጪ። ወላጆችሽ ገበሬዎች ከነበሩ የወሰን ድንጋይ ምን እንደሆነ ከመምህርቷ በላይ ታውቂያለሽ፤ ሰው ድንጋዩን በሌሊት አሳልፎ ተከለ ተብሎ የሚነሣውንም ጠብ ጭምር። እነ ኤሊኮትም ያደረጉት ያንኑ ነው፦ በየማይሉ አንድ፣ በድምሩ 40 ድንጋይ። አብዛኞቹ ዛሬም በቦታቸው ናቸው፤ በሰው ግቢና በመንገድ ዳር፣ በብረት አጥር ታጥረው። የመጀመሪያው በኤፕሪል 1791 የተተከለው እናንተው ጋ፣ ጆንስ ፖይንት ላይ ነው፤ በትልቁ የዊልሰን ድልድይ አጠገብ፣ ከድሮው የመርከብ መብራት ቤት ሥር። ሌላው በአርሊንግተንና በፎልስ ቸርች ድንበር፣ በባኔከር ስም በተሰየመው መናፈሻ አለ። ድንጋዮቹ በአንድ ጎናቸው የአሜሪካ መንግሥት ግዛት፣ በሌላው ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚል ተቀርጾባቸዋል፤ ዓመቱም፣ የኮምፓስ መርፌ ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጥበት ልክም አለ። የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ፊደሉ ተበልቷል። ልጄን የወሰድኳት ቀን በጣቷ እየዳሰሰች «ኤም ነው፣ አይ ኤን ነው» ስትል ግማሽ ሰዓት ቆመን፣ ሁለታችንንም ዝናብ መታን። ፎቶ ያንሣ፤ የሦስተኛው ገጽ ሥዕል እሱ ነው።

አስቀድሞ የጻፈውን አትቅደጂበት። ከላዩ ላይ «የሰማሁት» ብሎ ይጻፍበትና አዲሱን «ያገኘሁት» ይበለው። መምህርቷ ይህን ካየች የምትለውን ጻፊልኝ።

ጥያቄ

የልጄ መምህር ዊኪፒዲያን ጨርሶ ከለከሉ። ትክክል ናቸው?

መልስ

መምህሩ ካሉ አለቀ፣ ልጅሽ ፊት አትከራከሪያቸው። ግን መንገድ ማድረጉን የከለከሉ አይመስለኝም፤ የከለከሉት መድረሻ ማድረጉን ነው። ገጹን እስከ ታች ውረጂ፤ ትንንሽ ቁጥሮቹ ወደየት እንደሚጠቁሙ ታያለሽ። እዚያ ከተደረደሩት ውስጥ አድራሻው በ«ዶት ገቭ» የሚያልቀውን፣ ማለትም የመንግሥቱን መዝገብ፣ አስቀድማ ትክፈት።

ጥያቄ

ከሴንት ሉዊስ ነው የምጽፈው። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ሚሲሲፒ የሚዙሪና የኢሊኖይ ወሰን ነው ብላ ጻፈች። ኋላ ጎግል ካርታ ላይ ስናይ፣ ከወንዙ ወደ ምዕራብ፣ በሚዙሪ በኩል የኢሊኖይ ቁራሽ መሬት አገኘን። ካርታው ተሳስቶ ነው?

መልስ

ካርታው ልክ ነው፣ ወንዙ ነው የሸሸው። ያገኛችሁት ካስካስኪያ ነው። ኢሊኖይ በ1818 ግዛት ስትሆን የመጀመሪያ ዋና ከተማዋ እሱ ነበር፤ በ1820 ወደ ቫንዳሊያ ተዛወረ። በ1881 ጎርፍ ሚሲሲፒ አሮጌ መንገዱን ትቶ በምሥራቅ በኩል ሰብሮ አለፈና ካስካስኪያን ከሚዙሪ ጎን ጣላት። በአሜሪካ ሕግ ወንዝ ቀስ በቀስ ሲሸረሽር ወሰኑ አብሮት ይሄዳል፤ በድንገት ዘልሎ መንገድ ሲቀይር ግን ወሰኑ በአሮጌው ቦታ ይቀራል። ልጅሽ ከ1881 በፊት የተሣለ የኢሊኖይ ካርታ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ታውጣና ከዛሬው ጋር ታስተያይ፤ የጻፈችውም «በአብዛኛው» የምትል ቃል ብቻ ነው የጎደለው።

መኪና ካለሽ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሚዙሪዋ ሴንት ሜሪ በኩል ትገባላችሁ። ድልድዩን ስትሻገሩ ዝግ በይና ከታች ያለችውን ቀጭን ውሃ አሳያት፤ አሮጌው ሚሲሲፒ እሱ ነው።