ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ስለማድረግ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልስ

የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ስለማድረግ፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ስለማሠራት፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝቻለሁ፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 3470 ነው። ፍጥነቱን መጨመር እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም ወንድሜ፤ ባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተውን የማዘርቦርዱን ቅንብር) ብትበረብርም ለዚህ የሚሆን ምርጫ አታገኝም። በተለመዱት የኢንቴል ዴስክቶፖች ላይ ፍጥነቱ ለተጠቃሚ ክፍት የሚሆነው በስማቸው መጨረሻ ኬ ወይም ኬኤፍ ያለባቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ነው፤ እነሱም ዜድ ቺፕሴት (ስሙ በዜድ የሚጀምር የማዘርቦርድ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ይፈልጋሉ። ገንዘብህን ኤስኤስዲ ላይ አውለው። አቧራውን አራግፈህ የደረቀውን ተርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው፣ ማለትም ወደ ኩለሩ፣ የሚያስተላልፈውን ቅባት) ቀይርለት።

ጥያቄ፦ ኮር አይ 7 8700 ኬ ከዜድ 370 ማዘርቦርድ ጋር አለኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መጀመሪያ ምንም ሳትነካ ሲኒቤንችን (ፕሮሰሰሩን በከባድ ሥራ የሚፈትን ፕሮግራም) ለ10 ደቂቃ አስኪድና ሙቀቱን በኤችደብሊው ኢንፎ (የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም) እያየህ መዝግብ። በኋላ የምታወዳድረው ከዚህ ጋር ነው። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት የሚገኘው 100 ሜጋኸርዝ በማባዣው ቁጥር ሲባዛ ነው፤ ባዮሱ ውስጥ 47 ካስገባህ 4.7 ጊጋኸርዝ ይሆናል።

ቀጥለህ ቮልቴጁን ከአውቶ አውጣው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አውቶ ላይ ሲተው ብዙ ማዘርቦርድ ፕሮሰሰሩ ከሚያስፈልገው በላይ ቮልቴጅ ይለቅበታል። «ኩለር ቀይሬም አልበርድ አለ» የምትሉኝ አብዛኞቻችሁ እዚህ ጋ ነው የተያዛችሁት። 1.25 ቮልት ስጠውና በሁሉም ኮሮች (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍሎች) ላይ 47 ሞክር። ሲኒቤንችን ካለፈ ማባዣውን አንድ በአንድ ጨምር፤ ሲወድቅ ቮልቴጁን በ0.01 ከፍ እያደረግህ ድገም።

ዋናው ነገር የት እንደምታቆም ማወቅ ነው። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፤ ቮልቴጁ ሲጨምር ግን በስኩዌሩ ልክ ነው የሚያድገው። ለ4.7 ጊጋኸርዝ 1.20 ቮልት የበቃው ፕሮሰሰር ለ5.0 ጊጋኸርዝ 1.35 ቮልት ጠየቀ እንበል። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ገደማ አደገ፤ ኃይሉ ግን በ35 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ያም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኔ ብሆን 4.8 ወይም 4.9 ላይ አቆማለሁ። 5.0 የሚለውን ቁጥር ለማየት ብቻ ፕሮሰሰሩን ዓመቱን ሙሉ ማቃጠል አልደግፍም።

ጥያቄ፦ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ልስጋ?

መልስ፦ ይኸው 8700 ኬ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከባድ ሙከራ ላይ ከ85 ባያልፍ፣ ጌም ላይ ደግሞ ከ75 በታች ቢሆን ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሲኒቤንችን ያልፋል፤ ጌም ላይ ግን ድንገት ይዘጋል።

መልስ፦ ሲኒቤንችን ማለፍ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ጌም ላይ ጭነቱ በየቅጽበቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ቮልቴጁም አብሮ ይዋዥቃል። ኦሲሲቲን (ሌላ የመፈተኛ ፕሮግራም) ቢያንስ አንድ ሰዓት አስኪድ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ) ውስጥ ደብሊውኤችኢኤ የሚል የሃርድዌር ስህተት ካየህ፣ ኮምፒውተሩ ባይዘጋም ኦቨርክሎኩ አልረጋም ማለት ነው። ሌላው፣ የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሠራውን የባዮስ ቅንብር) አጥፍተህ ሞክር፤ ጥፋተኛው ራሙ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ሲወቀስ ብዙ ጊዜ አያለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፤ ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ እንደኔው ዓይነት ኩለር አለው። የከተማው ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ዱባይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያንሳል። የውኃ ኩለርም አያመልጥም፤ ራዲያተሩን የሚያበርደው ያው አየር ነውና። በሌላ በኩል የክፍሉ ሙቀት በቀጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ ይደመራል፦ ያንተ ክፍል 20 ዲግሪ፣ የሱ ደግሞ ኤሲ ጠፍቶ 35 ከሆነ፣ እሱ በ15 ዲግሪ ተቀድሞ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ፋንህን ትንሽ ፈጠን አድርገው፤ ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ምረጥ፤ ከዚያ በኋላ አትጨነቅ።

ጥያቄ፦ ራይዘን 5 5600 ኤክስ ላይስ?

መልስ፦ በሁሉም ኮር አንድ ቁጥር መቆለፉን ተወው። ባዮሱ ውስጥ ፒቢኦን (ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ከፍ እንዲያደርግ የሚፈቅደውን የኤኤምዲ ቅንብር) አብራና ከርቭ ኦፕቲማይዘር (ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ምርጫ) ላይ ከኔጌቲቭ 10 ጀምር። ቮልቴጁ ሲቀንስ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ፕሮሰሰሩም ባገኘው ትርፍ ልክ ፍጥነቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ማባዣውን 52 አድርጌ ሴቭ ስል ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አቃጠልኩት?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ፍጥነቱ ስለበዛበት እንጂ ተቃጥሎ አይመስለኝም። የመብራቱን ገመድ ንቀይና ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥተሽ መልሻት፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል። ከዚያ የራሙን ኤክስኤምፒና የፋኖቹን ቅንብር እንደገና አስገቢ፤ እነሱም አብረው ጠፍተዋል። ቀጥሎ የሚሠራልሽን ቅንብር ባዮሱ ውስጥ በፕሮፋይል መልክ አስቀምጪው።