መልስ፦ ሲናሚክ አሲድ ሟሙቶ እንቢ ያለው፣ ጠጣር ሲሆን ለምን እሺ አለ?

ሲናሚክ አሲዱን (በሁለት ካርቦኖቹ መካከል ድርብ ቦንድ ያለውን አሲድ) አሟሙተህ ዩቪ (አልትራቫዮሌት) ብርሃን ስታበራበት ጥንድ ሞለኪውል እንዳልሠራ፣ ዱቄቱ ላይ ስታበራ ግን እንደሠራ ጽፈሃል። ወንድሜ፣ ቁም ነገሩ አቀማመጡ ነው። ፈሳሽ ውስጥ ብርሃን የመታው ሞለኪውል ጎረቤት ሳያገኝ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ በአብዛኛው በድርብ ቦንዱ ዙሪያ ከአንዱ ቅርጹ (ትራንስ) ወደ ሌላው (ሲስ) ይዞርና ያበቃል። ክሪስታል ውስጥ ግን ጎረቤቱ አስቀድሞ አጠገቡ ተሰልፏል።

ይህን በ1964 እ.ኤ.አ. አጥርቶ ያሳየው በእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት የነበረው ጌርሃርድ ሽሚት ከባልደረቦቹ ጋር ነው። ሁለት የካርቦን ድርብ ቦንዶች ትይዩ ሆነው በ4.2 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ውስጥ ከተቀራረቡ፣ ባለአራት ካርቦን ቀለበት ይሠራሉ። (4.2ን ግን እንደ ፍጹም ድንበር አትያዘው፤ ከዚያ ርቀው የሚገናኙም አሉ።)

እኔን የሚገርመኝ ያው አንዱ አሲድ አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ክሪስታሎች መሥራቱ፣ ከየራሳቸውም የተለያየ ጥንድ ሞለኪውል መገኘቱ ነው። አልፋው ሞለኪውሎቹ ራስና ግርጌ ሆነው ስለሚተኙ አልፋ ትራክሲሊክ አሲድ ይሰጣል። ቤታው ራስ ለራስ ስለሆነ ቤታ ትራክሲኒክ አሲድ ይሆናል። ጋማ የሚባል ሦስተኛ ዓይነትም በአንዳንድ የሲናሚክ አሲድ ዘመዶች ላይ ይታያል፤ እሱ ርቀቱ ከ4.7 አንግስትሮም ስለማያንስ ቀኑን ሙሉ ብታበራበት ንቅንቅ አይልም።

ቤታውን ከፈለግህ አሰንብተህ አታስቀምጠው፤ እየቆየ ወደ አልፋ ይለወጥብሃል። ክሪስታሉ ሲበራበት ቢሰነጠቅም አትደንግጥ፣ አዲሱ ሞለኪውል በአሮጌው ቦታ በልኩ ስለማይገጥም ነው።