ስለ ፖሊስና ስለ ጥቁር ሰፈር ለምትጨቃጨቁ ልጆች

ልጆች እንዴት ናችሁልኝ። በየቡናው ላይ በየግሩፕ ቻቱ ስትጨቃጨቁ አያችኋለሁ። ፖሊስ ጥቁር ሰው ገደለ የሚል ቪድዮ በወጣ ቁጥር እዚህ የተወለዱት በአንድ በኩል፣ በቅርብ በዲቪ የመጡት በሌላ በኩል ይሰለፉና አንዱ "ሲስተሙ ነው" ይላል፣ ሌላው "ሰርተው አይበሉም እንዴ" ይላል፣ ከዛ ተሰዳድበው ብሎክ ተደራርገው ያበቃል። እኔ ዲሲ ውስጥ በሶሻል ወርከርነት ሰርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴትዮ ነኝ፣ ስራዬ በብዛት ከእስር ከሚፈቱ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስለነበረ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉትን ዋርድ 7ና ዋርድ 8 የሚባሉትን ጥቁሮች የሚበዙባቸውን የከተማዋን ክፍሎች እንደ ራሴ ሰፈር ነው የማውቃቸው። ልፈርድባችሁ አይደለም፣ ግን ስትከራከሩ የሰፈሩ ሰው ራሱ ምን እንደሚል የሚጠይቅ ስለማላይ ነው ትንሽ ልበል ያልኩት።

አንዲት አያት ነበሩ፣ የልጅ ልጃቸው ጉዳይ እኔ ጋር ነበር። የሚኖሩበት አፓርትመንት ደረጃ ላይ ማታ ማታ ጎረምሶች ይሰበሰባሉ፣ ዕፅ ይሸጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ አንዳንዴም ተኩስ አለ። 911 የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ፍሪጃቸው ላይ የተለጠፈ ካላንደር ነበራቸው፣ የደወሉበትን ሰዓት በቀይ፣ ፖሊስ የመጣበትን በሰማያዊ እስክሪብቶ ይፅፉበታል፣ ቀዩ ብዙ ነው ሰማያዊው እዚህም እዚያም ነው። ታዲያ በዛው ሰሞን የልጅ ልጃቸው ከስራ ሲመለስ ፖሊሶች መኪና ላይ አስደግፈው ሲፈትሹት እኚሁ ሴትዮ በነጠላ ጫማ ወርደው "ስጠራችሁ የት ነበራችሁ! ልጄን ልቀቁት!" እያሉ ሰፈሩን በጩኸት አቀለጡት። አሁን ቢሆን ሁለት ቪድዮ ይወጣ ነበር፣ አንዱን እናንተ ሼር ታደርጋላችሁ ሌላውን የአክስታችሁ ልጅ፣ ሴትዮዋ ግን አንድ ናቸው፣ የሚሉትም አንድ ነገር ነው፣ የምፈልገው ፖሊስ አይመጣም የማልፈልገው ይመጣል።

ይሄ የእሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጆርጅ ፍሎይድ በሜይ 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ፣ ያ ሁሉ ሰልፍ በነበረበት ክረምት፣ የህዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋለፕ ጥቁር አሜሪካኖችን ፖሊስ በሰፈራችሁ ይቀነስ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ከ100 ውስጥ 81 የሚሆኑት ወይ እንዳለ ይሁን ወይ ይጨመር ነው ያሉት። ሚኒያፖሊስም ራሷ በኖቬምበር 2021 ፖሊስ ዲፓርትመንቱን በሌላ ተቋም እንተካ ወይ ተብላ ድምፅ ስትሰጥ አብዛኛው ሰው አይሆንም አለ። "አያችሁ፣ ፖሊስ ወዳድ ናቸው" ብላችሁ ደግሞ እንዳትሮጡ፣ ፖሊስ እንዲኖር መፈለግና ፖሊስ እንደፈለገ እንዲያደርገኝ መፍቀድ ለየቅል ነው። አገር ቤት ሆናችሁ ሌባ ሲመጣ ፖሊስ ይጠራ ብላችሁ ስትጮሁ ፖሊሱ ይግረፈኝ ማለታችሁ ነበር እንዴ? ደግሞ በአሜሪካ ከሚፈፀመው ግድያ ብዙው፣ በአንዳንድ ዓመት ግማሽ ያህሉ፣ ገዳዩ ሳይያዝ ነው የሚቀረው፣ ልጇ የተገደለባት እናት ገዳዩን በየቀኑ ማዶ ቆሞ እያየችው ትኖራለች፣ እና ያ ሰፈር ፖሊስ በዝቶበታል ነው የምትሉት ወይስ አንሶታል?

ፈርጉሰንን ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ሚዙሪ ያለችውን ከተማ፣ ኦገስት 2014፣ ማይክል ብራውን የሚባል ጥቁር ልጅ በፖሊስ የተገደለባትን። ፍትህ ሚኒስቴር በማርች 2015 በአንድ ቀን ሁለት ሪፖርት አወጣ፣ እኔ ሁለቱንም አንብቤያለሁ፣ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ጋር ደግሞ ስንት ጊዜ ተሟግቻለሁ። አንደኛው ልጁ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ነው የተገደለው የሚለው ምስክርነት ከማስረጃው ጋር አልሄደም ብሎ ፖሊሱን አልከሰሰም። ሁለተኛው ደግሞ የከተማዋ ፖሊስና ፍርድ ቤት ህዝቡን እንደ ገቢ ምንጭ እየቆጠሩ ያልቡት እንደነበር በዝርዝር አወጣ። ያኔ ከነዋሪው 67 ፐርሰንቱ ጥቁር ነበር፣ መኪና ከሚያስቆሟቸው ግን 85፣ ከሚያስሯቸው 93 ፐርሰንቱ ጥቁር ነበሩ። 21 ሺ ገደማ ነዋሪ በነበራት ከተማ ከ16 ሺ በላይ ሰው የእስር ማዘዣ ወጥቶበት ነበር (ሁሉም የከተማዋ ነዋሪ አይደሉም፣ ግን አስቡት)። አንዲት ሴትዮ በ2007 መኪናዋን ባልሆነ ቦታ አቁማ 151 ዶላር ትቀጣለች፣ የላትም፣ ቀጠሮ ያልፋታል፣ ቅጣቱ ይወልዳል፣ በ2014 መጨረሻ 550 ዶላር ከፍላ፣ ስድስት ቀን ታስራ፣ አሁንም 541 ዶላር ዕዳ ነበረባት። ለፓርኪንግ! ሁለቱም ሪፖርት የወጣው ከአንድ መስሪያ ቤት ነው፣ ሁለቱም እውነት ነው፣ አንደኛውን ደብቆ ሌላኛውን የሚያነብላችሁን ሰው ጠርጥሩት፣ የእናንተን ወገን ቢሆንም።

ቁጥር ሲጠሩላችሁም ከየት ዓመት ጀምሮ ነው በሉ። ዲሲ በ1991 482 ሰው ተገድሏል፣ በ2012 88፣ በ2023 ደግሞ 274፣ በ2024 187። እነዚህን አራት ቁጥሮች ይዤ ከተማዋ ጠፋች ብዬ ላስፈራችሁ እችላለሁ፣ ከተማዋ ተፈወሰች ብዬም ላስደስታችሁ እችላለሁ፣ መነሻዬን መምረጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፣ ፖለቲከኞቹም ሌላ ስራ የላቸውም። ኒውዮርክን ውሰዱ፣ በ2011 ፖሊስ ከ685 ሺ ጊዜ በላይ መንገደኛ አስቁሟል፣ አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ናቸው፣ ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ምንም ሳይገኝባቸው ተለቀዋል። በ2013 ዳኛዋ ሕገ መንግስት ይጥሳል ብላ ስትፈርድ ከተማው ደም ሊሆን ነው ተባለ፣ ማስቆሙ በጣም ቀነሰ፣ ግድያው ግን እየወረደ ሄዶ በ2017 ከ300 በታች ሆነ፣ በ1990 ከ2,200 በላይ የነበረ ማለት ነው። እንግዲህ ከዚህ ተነስቶ ፖሊስ ጥቅም የለውም የሚልም አለ፣ እሱም ስህተት ነው፣ የፖሊስ ቁጥር ሲጨምር ግድያ እንደሚቀንስ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሰው መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ የሚሰራው ስራ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ድህነቱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ የኛ ሰው ትንሽ ያናድደኛል። "እኛም በባዶ እጅ መጥተን፣ ፓርኪንግ ሰርተን፣ ታክሲ ነድተን ቤት ገዛን፣ እነሱ እዚሁ ተወልደው ለምን አቃታቸው" ይላሉ። ልፋቱ እውነት ነው፣ የባሌ ወገብ ምስክር ነው። ግን በባዶ እጅ አልመጣንም። ዲቪ ለመሙላት ሃይስኩል መጨረስ ወይ የሙያ ልምድ ያስፈልጋል፣ ቪዛ ያገኘው ከስንት ሺ ሰው ተጣርቶ ነው፣ ስንመጣ የሚቀበለን ዘመድ፣ የሚያስጠጋን ቤት፣ ዕቁብ የምንጥልበት ማህበር ነበረን። ባልቲሞር በ1910 ጥቁር በነጭ ሰፈር እንዳይኖር ብላ ሕግ አወጣች፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው፣ በ1917 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከተሞች እንዲህ ያለ ሕግ አይቻልም ሲል ደግሞ በቤት ሽያጭ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም እያሉ መፃፍ ቀጠሉ፣ በ1930ዎቹ መንግስት ራሱ ካርታ ላይ የጥቁር ሰፈሮችን በቀይ ቀለም ቀብቶ የባንክ ብድር እንዲርቃቸው አደረገ። ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር መለየት በአገር ደረጃ የተከለከለው በ1968 ነው። የዛች አያት እናት ቤት ገዝታ ለልጇ ማውረስ ባለመቻሏ ነው እሳቸው በስተርጅና ኪራይ ቤት ደረጃ ላይ ካለ ጎረምሳ ጋር የሚታገሉት።

"ሲስተሙ ነው" የምትሉት ልጆችም ቆይ፣ ድህነት ነው ወንጀሉን ያመጣው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ድሃው ሰው አብዛኛው ማንንም አይነካም፣ እንዲህ ስትሉ እሱን ነው የምትሰድቡት። ደግሞ በ2008 ኢኮኖሚው ሲወድቅ፣ ሰው ቤቱን በባንክ ሲነጠቅ፣ ወንጀል ይጨምራል ሲባል ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። የማየው ነገር ጥቂት ሰዎች፣ ጥቂት መንገዶች፣ ጠመንጃ እንደልብ መገኘቱና አንዱ የሌላውን ወንድም የገደለበት ቂም ነው፣ ደም መመለስ ምን እንደሆነ ለሀበሻ ማስረዳት አይጠበቅብኝም መቼም።

የከረረ ሕግ ይውጣ ያለውም ነጭ ብቻ አልነበረም። በ1986 አምስት ግራም ክራክ (የሚጨሰው ኮኬይን) የያዘ ሰው ከአምስት መቶ ግራም የኮኬይን ዱቄት እኩል ቢያንስ አምስት ዓመት ይታሰር የሚለው ሕግ ሲወጣ ሰፈራቸው በክራክ እየተቃጠለ የነበሩ ብዙ የጥቁር ተወካዮች ደግፈውታል፣ ጩኸታቸው እውነተኛ ነበር። መዘዙን ግን እኔ ቢሮ ውስጥ አየሁት። የዲሲ እስር ቤት ሎርተን በ2001 ከተዘጋ ወዲህ ከባድ ፍርድ የተፈረደበት የዲሲ ልጅ የሚታሰረው በፌደራል እስር ቤት ነው፣ ከቤተሰቡ ብዙ መቶ ማይል ሊርቅ ይችላል፣ እናት በአውቶብስ ሌሊቱን ተጉዛ ስትደርስ ዛሬ ጥየቃ የለም ትባላለች። ልጁ ሲፈታ እናቱን በወጉ አያውቃትም፣ ስራ ሲፈልግ ፎርሙ ላይ ታስረህ ታውቃለህ ይለው ነበር፣ እኔ ደግሞ ስነምግባር ኖሮት ፕሮግራሙን እንዲከታተል እመክረዋለሁ፣ አንዳንዴ በራሴ ሳቄ ይመጣ ነበር።

አሁን ስለ ታክሲ። ባሌና ጓደኞቹ ሁሉ ነጂ ነበሩ፣ ማታ ጥቁር ወንድ እጁን ሲያነሳ ሳያዩ የሚያልፉ ሞልተዋል፣ ሕጉ መዳረሻ መርጠህ ሰው አትተው ቢልም። ተዘርፈው፣ አንገታቸው ላይ ሽጉጥ ተደግኖ ያውቃል፣ ፍርሃቱን አልክድም። ግን ያው ሰውዬ ቨርጂኒያ ሃይዌይ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው አክሰንቱን ማን ይሰማለታል፣ የሚታየው ቆዳው ነው። አማዱ ዲያሎ ከጊኒ የመጣ ልጅ ነበር፣ በ1999 ብሮንክስ ውስጥ የራሱ ቤት በር ላይ ቦርሳውን ሲያወጣ አራት ፖሊሶች 41 ጥይት ተኮሱበት፣ ሁሉም ነፃ ወጡ። የኛው ሙሉጌታ ስራው በ1988 ፖርትላንድ ኦሪገን ላይ በቤዝቦል ዱላ ቀጥቅጠው ሲገድሉት ስኪንሄድ የሚባሉት ነጭ ዘረኞች አገርህ የት ነው ብለው አልጠየቁትም። እኛ ከነሱ እንለያለን የሚለው ወሬ ቡና ላይ እንጂ መንገድ ላይ አይሰራም።

የመጨረሻ አንድ ነገር፣ ዜግነት ለወሰዳችሁት። የጁሪ ወረቀት፣ ፍርድ ቤት ተቀምጣችሁ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው አይደለም እንድትሉ የሚጠራችሁ፣ በፖስታ ሲመጣ "እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው" ብላችሁ አትሽሹ፣ በኮሜንት ስትሰዳደቡ ያየሁት እንግሊዝኛ በቂ ነው። ዲሲ ከሆናችሁ በዛ ቀን ለችሎት ካልተመረጣችሁ በዛው ቀን ያበቃል፣ ቀጣሪም ጁሪ ሄድሽ ብሎ ሊያባርራችሁ አይችልም። እዛ ተቀምጣችሁ ፖሊሱም ሲመሰክር፣ ተከሳሹም ሲናገር፣ ልጇ የሞተባትም ስታለቅስ ትሰማላችሁ። ወረቀቱ ላይ ስልክ አለ፣ ቀኑ ካልተመቻችሁ ደውላችሁ አስቀይሩ፣ ጨርሶ ግን አትቅሩ።