«ደሜ ነጻ ነው» ላሉት አባት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አጭሰው ያቆሙት የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ሳል አልለቅ ሲላቸው ሲቲ ስካን ተነሡና በቀኝ ሳንባቸው ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሚሆን እብጠት ታየ። ሐኪማቸው በመርፌ ናሙና ይወሰድ አሉ። እሳቸው መርፌውን ስለፈሩ፣ ተመካክረን በግላችን «የካንሰር የደም ምርመራ» አሠራን። ሲኢኤ የሚባለው 3.1 ሆነ፤ ወረቀቱ ላይ መደበኛው ከ5 በታች ነው ይላል። አባቴ አሁን «ደሜ ነጻ ነው፤ ማንም መርፌ አይሰካብኝም» ብለዋል። ልክ ናቸው? (ሴት ልጃቸው)

መልስ፦ እህቴ፣ መርፌ መፍራታቸው አይፈረድባቸውም። ወረቀቱን ማመናቸው ግን ልክ አይደለም። 3.1 የምትለዋ ቁጥር ስለ እብጠቱ ምንም አልተናገረችም።

ካንሰር ነው እያልኩ አይደለም። የቆየ የቲቢ ጠባሳ ወይም ጉዳት የሌለው እጢ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚመረመረው ግን እብጠቱ ራሱ ነው።

ሲኢኤ ፕሮቲን ነው። ጎልድና ፍሪድማን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲያደርጉት ያገኙት በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ እንጂ በሳንባ አልነበረም። አንዳንድ የሳንባ ካንሰሮች፣ በተለይ አዴኖካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት፣ ወደ ደም ይለቁታል፤ ሌሎቹ አይለቁትም። የሚለቀውም ቢሆን ገና ትንሽ ሳለ ቁጥሩን ላያንቀሳቅሰው ይችላል። በሌላ በኩል ሲጋራ ብቻውን ሲኢኤን ከ5 ሊያሳልፈው ይችላል፤ የጉበት ሕመምም እንዲሁ። አባትዎ እያጨሱ ሳለ ቢመረመሩ ኖሮ ምናልባት ያለ ካንሰር ትደነግጡ ነበር።

«ታዲያ ሌላ ዓይነት እናሠራ?» ትሉኝ ይሆናል። ሲፍራ 21-1 የተባለው የደም ምርመራ ስኳሞስ ወደሚባለው የሳንባ ካንሰር ዓይነት፣ ፕሮ-ጂአርፒና ኤንኤስኢ ደግሞ ትንሽ ሴል ወደሚባለው ፈጣን ዓይነት ያዘነብላሉ። ነገር ግን ሲፍራና ፕሮ-ጂአርፒ ኩላሊት ሲደክምም ይጨምራሉ። ኤንኤስኢማ የራሱ ጣጣ አለው። ሕክምና ከመማሬ በፊት ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ሰው ኤንኤስኢው እጅግ ከፍ ብሎ የወጣበትን ወረቀት ይዞ መጣ፤ ሁለት ሌሊት አልተኛም። ብልቃጡን አውጥቼ ሳየው፣ ገለባ መምሰል የነበረበት ፈሳሽ ቀልቷል። ኤንኤስኢ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥም ስላለ፣ ሴሎቹ ሲፈነዱ ቁጥሩን አንረውታል። እንደገና ቀድተን ፈሳሹን ከሴሎቹ ወዲያው ብንለየው መደበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ሲነገረኝ ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ሳልጠይቅ አላልፍም።

እነዚህ ምርመራዎች ዋጋ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ተራቸው ገና ነው። ካንሰሩ በናሙና ከታወቀ በኋላ፣ ሕክምና ሳይጀመር የተለካ ከፍተኛ ቁጥር መነሻ ይሆናል። ከሕክምና በኋላ ወርዶ ቆይቶ እንደገና መውጣት ከጀመረ፣ ሐኪሙ ቀድሞ ምስል እንዲያዝ ይቀሰቅሰዋል። ለዚህም ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ይሻላል፤ መሣሪያው ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል።

ከደም የካንሰሩን የዘረመል ቁራጭ የሚፈልግ ሌላ ምርመራም አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኢጂኤፍአር በተባለው ጂን ላይ ያለን ለውጥ በደም የሚፈልግ ምርመራ አጽድቋል። እሱም ዋና ሥራው ካንሰር እንዳለባቸው ለታወቁ ሰዎች መድኃኒት መምረጥ ነው። ለውጡ በደም ካልተገኘም ተመልሶ ወደ ናሙና ነው።

አሁን ለአባትዎ ስለ መርፌው ይንገሯቸው፤ የፈሩት እሱን ነውና። ቦታው በማደንዘዣ ይደነዝዛል፤ ሐኪሙም በሲቲ እያየ ነው የሚያስገባው። ዋናው ስጋት አየር ከሳንባው ሾልኮ በደረት ውስጥ መጠራቀሙ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሆኖ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ለጥቂት ቀናት ቱቦ ይፈልጋል። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ አስቀድመው ለሐኪሙ ይናገሩ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ይፈልጉልኝ፦ ከዓመታት በፊት የተነሡት የደረት ሲቲ ስካን ካለ ሲዲውን ይዘው ይሂዱ። እብጠቱ ያኔም ኖሮ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መጠኑ ካልተለወጠ፣ ሐኪማቸው መርፌውን ሊተዉት ይችላሉ።