በርህ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው

«ማይንክራፍት (በብሎክ የሚገነባበት ጨዋታ) ላይ ስካልክ ሴንሰር (እንቅስቃሴ ሲኖር ሲግናል የሚሰጥ ብሎክ) ከብረት በር ጋር አገናኘሁ፤ አንዴ ካለፍኩ በኋላ ግን በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ያድራል» ላልከው፦ እኔም ሳምንት ሙሉ ታግዬበታለሁ። ሬድስቶኑን (የጨዋታውን የሲግናል ሽቦ) ስንቴ አፍርሼ ዘረጋሁት። ጥፋቱ ግን መስመሩ ላይ አልነበረም።

ፒያሳ የምሠራበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት አለ። ስልክ እያወራህ ቆም ካልክ ይጠፋብሃል፤ ከዚያ እጅህን ማወዛወዝ ነው። የጨዋታውም ሴንሰር እንደዚያ የሚያይ መስሎኝ ነበር። አያይም፣ ይሰማል። እስከ 8 ብሎክ ድረስ ያለውን ንዝረት ይይዛል። የአንተን እርምጃ ብቻ ሳይሆን የበሩንም። በሩ ሲዘጋ ይሰማና መልሶ ይከፍተዋል። በቃ፣ ማለቂያ የለውም።

ርካሹ መፍትሔ ሱፍ ነው። ከሴንሰሩ አስጠግተህ በበሩ በኩል አስቀምጥ፤ ንዝረት ሱፍ አያልፍም። የእኔ ኮሪደር ግን ጠባብ ስለነበር ሱፉ እርምጃዬንም ጋረደብኝ። ስለዚህ ወደ ካሊብሬትድ ሴንሰር ዞርኩ (ከስሪት 1.20 ጀምሮ አለ)። እሱን ለመሥራት አንድ ስካልክ ሴንሰርና 3 የአሜቲስት (ሐምራዊ ክሪስታል) ስባሪ ይበቃል። እስከ 16 ብሎክ ይሰማል፣ ደግሞም ይመርጣል። በአንድ ጎኑ የምታስገባለት ሲግናል ጥንካሬ የትኛውን ንዝረት እንደሚሰማ ይወስናል። እርምጃ 1 ነው፣ በር መዝጋት 9፣ መክፈት 10። እና 1 ስጠው። ሊቨር (ማብሪያ ማጥፊያ) አጠገቡ ብታደርግ ሙሉውን 15 ስለሚሰጥ አይሆንም። እኔ በርሜል ውስጥ አንዲት ዳቦ ጥዬ በኮምፓሬተር (በውስጡ ያለውን ዕቃ መጠን ወደ ሲግናል በሚቀይረው ብሎክ) አስነበብኳት፤ ልክ 1 ትሰጣለች። ርቦህ ዳቦዋን እንዳትበላት ብቻ።

በላክኸው ፎቶ ላይ ሌላም ነገር አየሁ፤ ከሴንሰሩ እስከ በሩ 6 ብሎክ ሬድስቶን ዘርግተህ ሪፒተር (ሲግናል የሚያድስና የሚያዘገይ ብሎክ) የለህም። ሴንሰሩ ከሩቅ የሰማውን በደካማ ሲግናል ነው የሚያወጣው፤ በየብሎኩ ደግሞ 1 ይቀንሳል። ከሩቅ ስትመጣ የማይከፍትልህ ለዚህ ነው። ከሴንሰሩ ቀጥሎ ሪፒተር አድርግ፣ ወደ 15 ይመልሰዋል።

የካሊብሬትዱ ሲግናል ግማሽ ሰከንድ ብቻ ስለሚቆይ በሩ ፊትህ ላይ ሊዘጋ ይችላል። መስመሩን ለሁለት ክፈለው፤ አንዱ በቀጥታ ይሂድ፣ ሌላው መዘግየቱ 4 ላይ በተደረገ ሪፒተር አልፎ በሩ ጋ ይገናኝ። 0.4 ሰከንድ ይጨምርልሃል።

አጎንብሶ የሚሄድ ሰው አይሰማም፤ ጓደኛዬ ሁሌ አጎንብሶ መጥቶ «በርህ ተበላሽቷል» ይለኛል። ዶሮዎችህን ግን አጥር ውስጥ አስገባ። የእነሱም እርምጃ 1 ነው።