«ባሕሩ ይዘጋ ከተባለ ምን በልተን እንደር?»

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የምንኖር ዓሣ አጥማጆች ነን። የምንይዘው ዓሣ በቁጥርም በመጠንም ከዓመት ዓመት እያነሰ መጣ። አሁን የምናሰግርበት ቦታ ተዘግቶ ይረፍ እየተባለ ነው። ልጆቻችንን በምን እናሳድግ?

መልስ፦ «ዝጉ» ብሎ የሚሄደው ባለሙያ ማታ ባዶ እጁን ቤቱ አይገባም፤ ሥጋትዎ ይገባኛል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ዓሣው በመጠኑም ማነሱ ነው። መረባችሁ ገና እንቁላል ያልጣለውን እየለቀመ ይመስላል።

ሁሉንም አትዝጉ። አንድ ቁራሽ ለዩና ቶሎ በሚያድግ እንስሳ ጀምሩ። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር የአንዳቫዱዋካ ሰዎች በ2004 እ.ኤ.አ. ከኮራል ሪፋቸው (ኮራል የሚባሉ ትንንሽ የባሕር እንስሳት ከሠሩት የባሕር ውስጥ ድንጋያማ ቦታ) አንዱን ክፍል ለሰባት ወር ያህል ከኦክቶፐስ (ስምንት ክንድ ካለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ) አደን አሳረፉት። ሲከፈት የወጣው ኦክቶፐስ ከበድ ከበድ ያለ ስለነበር ሌሎች መንደሮችም ተከተሏቸው። ኦክቶፐስ ዕድሜው አጭር፣ ዕድገቱ ፈጣን ነው። ሴቷ አንዴ ብቻ እንቁላል ትጥላለች፤ ጉድጓዷ ውስጥ ሳትበላ ስትጠብቀው ቆይታ፣ ሲፈለፈል ትሞታለች። በዚያ ሰዓት በብረት ወግቶ ያወጣት ሰው እንቁላሉንም አብሮ አጠፋ።

አደጋው ያለው መክፈቻው ቀን ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ግር ብሎ ከገባ የወራቱ ትርፍ በአንድ ሁለት ቀን ያልቃል፣ ኮራሉም ይረጋገጣል። ስለዚህ ማን እንደሚገባ፣ ለስንት ቀን እንደሚገባና ማን እንደሚጠብቅ ከመዝጋታችሁ በፊት ተስማሙ። የምትዘጉት ቦታም ጀልባ የሌላቸው ሴቶችና አዛውንቶች ውኃው ሲሸሽ በእግር የሚለቅሙበት እንዳይሆን፤ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የማይጠየቁት እነሱ ናቸው።

ዓይኑ የጠበበ መረብ ነገር ግን ዛሬውኑ ይቁም። ትልልቆቹንም ሴቶች ማትረፍ ያዋጣል፦ ኮድ በሚባለው ዓሣ፣ 30 ኪሎ የምትመዝን አንዲት ሴት የምትጥለው እንቁላል 2 ኪሎ የሚመዝኑ 28 ሴቶች ተደምረው ከሚጥሉት አያንስም። ይኸው ዓሣ በካናዳ ኒውፋውንድላንድ በመመናመኑ በ1992 እ.ኤ.አ. ማስገሩ ተዘግቶ 30 ሺህ ያህል ሰው ሥራ ፈቷል።

የመረቡን ዓይን ለመምረጥ ዓሣው እንቁላል በሚይዝበት ወቅት የያዛችሁትን በቁመት ለኩ፣ ሆዱንም ስትከፍቱ እንቁላል እንዳለው እዩ። አብዛኞቹ ሴቶች እንቁላል ይዘው የሚገኙበትን ቁመት ጻፉ። ከዚያ ያጠረው ሾልኮ የሚያመልጥበት መረብ ነው የሚያስፈልጋችሁ።